ከአንገት በታች

ስልኬ መገረምንና መውደድን ለይቶ አያውቅም፤ ያገኘኝ ጣጣ ሁሉ የተጀመረው ከዚህ ነው። እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ሌሊት ቲክቶክ ላይ ስባዝን አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ አየሁ። ነጭ ጺሙን በወጉ ተከርክሟል፣ ክሬም ቀለም ያለው ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ድንጋይ በተነጠፈ መንገድ ላይ ይንጎራደዳል። ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሳይደርስ ቀርቷል። ካልሲ የለውም። ይሄን የሚያህል ልብስ የገዛ ሰው ካልሲ እንዴት ያቅተዋል ብዬ ቪዲዮውን ደገምኩት። ምናልባት ጫማ ውስጥ የምትደበቀዋን አጭር ካልሲ አድርጎ ይሆናል ብዬ ምስሉን በጣቶቼ ወጥሬ አሰፋሁት። ምንም የለም። እየተገረምኩ ተኛሁ።

ስልኬ ግን አልተኛም። ቲክቶክ እ.ኤ.አ. በ2020 ራሱ እንደገለጸው፣ ለእያንዳንዳችን የሚደረድርልንን ቪዲዮ የሚመርጠው ከድርጊታችን ተነሥቶ ነው። የወደድነው፣ ለሰው ያጋራነው፣ አስተያየት የጻፍንበት ሁሉ ይመዘገባል። ረዘም ያለን ቪዲዮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማየት ደግሞ ከበድ ያለ ሚዛን ከሚሰጣቸው ምልክቶች አንዱ ነው። እኔ እስከ መጨረሻው አይቼ፣ ደግሜ፣ በዚያ ላይ አስፍቼ ነው ያየሁት። ባለቤቴን እንኳ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ ያየኋት ገና ሳንጋባ ነው። ታዲያ ስልኬ «ይሄ ሰውዬ ወዷል» ቢል ይፈረድበታል?

በማግስቱ ካልሲ የሌላቸው ሌሎች ሽማግሌዎች መጡ። ከዚያ ጎልማሶች ተከተሉ። ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ውስጥ ካልሲ ያደረገ ወንድ ማግኘት ቸገረኝ። ብዙዎቹ የሚቀረጹት ፍሎረንስ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በሚካሄደው፣ ፒቲ ኡዎሞ በሚባለው የወንዶች ልብስ ትርዒት ደጃፍ ላይ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ትርዒቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ ሰዎቹም ደጅ ደጁን የሚሉት ፎቶ አንሺ እንዲያያቸው ነው። ለካ ሥራ ላይ ናቸው። እኔ ታክሲ የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ሳቅኩባቸው። ከዚያ ለመድኳቸው። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ካልሲዬን ሳጠልቅ እግሬ አስጠላኝ።

ይሄን ጊዜ ነው የባለቤቴ የእህት ልጅ ሠርግ የደረሰው። ጥር ነው፤ ጥር ሲሆን ከተማው ውስጥ ካላገባው ያገባው፣ ከተጠራው የጠራው ይበዛል። ለእንዲህ ያለ ቀን የምትሆን አንዲት ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ አለችኝ። ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ለሽምግልናም አንድ ናት፤ ከረባቱ ብቻ ይለዋወጣል። ባለቤቴ አውጥታ ነፋስ ልታስነካት ስትል አስቆምኳት።

«ምነው? ጠበበችህ?»

«አልጠበበችኝም። የእኔ አይደለችም።»

«የማን ናት ታዲያ?»

«የሁሉም ሰው ናት። ዘንድሮ የራሴን ስታይል ነው የምለብሰው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ያለህ?» አለችና ልብሷን መልሳ ሰቀለቻት።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄዋ ትክክል ነው። ድሮ ሰው ሁሉ የራሱ አለባበስ ነበረው፣ ስልክ መጥቶ አንድ ዓይነት አደረገን የሚሉ የዕድሜ እኩዮቼ አሉ። እኔ አላምናቸውም። ሰፈራችን በነበረው ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁር ኮትና ቀድሞ የታሰረ ከረባት ተሰቅለው ይጠብቁን ነበር። ጉርድ ፎቶ የሚነሣ ሁሉ እነሱን ያጠልቃል። የሰፋው እንደሆነ ፎቶ አንሺው ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይይዝለታል፤ የጠበበው እንደሆነ ሳይቆለፍ ትከሻው ላይ ጣል ይደረግለታል። በዚያ ኮት የሰፈሩ ጎረምሳ በሙሉ ተነሥቷል። ፎቶው ለትምህርት ቤት ተሰጥቷል፣ ክፍለ ሀገር ላሉ ወላጆች ተልኳል፣ ከጀርባው የፍቅር ቃል ተጽፎበት ለኮረዳ ደርሷል። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ከተለያዩ ወንዶች የተሰጧትን ፎቶዎች ደርድራ ያየች ጊዜ አንድ ኮት እንጂ ብዙ ወንድ አልወደዳትም ብለን እንስቅ ነበር። ከአንገት በላይ የየራሳችን፣ ከአንገት በታች የፎቶ ቤቱ ነበርን።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፤ ኮቱ የፎቶ ቤቱ መሆኑን እናውቅ ነበር። ብልጭ ካለብን በኋላ አውልቀን፣ ሰቅለን፣ በገዛ ሹራባችን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። «ይሄ እኮ የኔ ማንነት ነው» ያለ ሰው ትዝ አይለኝም።

በርግጥ ከእኛ በፊት የነበሩት ነገሩን እንደኛ በቀላሉ አላዩትም። መጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ የተዘጋጀ የፋሽን ትርዒት ተማሪዎችን አስቆጥቶ፣ ረብሻ አስነሥቶ፣ ዩኒቨርሲቲውን እስከ ማዘጋት ደርሷል። የባዕድ ፋሽን ሊጫንብን ነው የሚል ነበር ክሱ። ተማሪዎቹ ትክክል ነበሩ አልነበሩም በሚለው ላይ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ የምቀናባቸው በሌላ ነው። ትርዒቱ አዳራሽ ነበረው፣ አዳራሹ በር ነበረው፣ በሩ ላይ ቆሞ መጮህ ይቻል ነበር። የእኔ ትርዒት ትራሴ ሥር ነው የሚያድረው።

ወደ ልብሱ ልመለስ። ሱቁ ቴሌግራም ላይ ነው። ጣሊያናዊው ሽማግሌ የለበሰውን የመሰለ ሙሉ ልብስ ተለጥፏል፣ ከሥሩ ‹የአውሮፓ ስታንዳርድ፣ መቶ በመቶ ሊነን፣ ውስን ፍሬ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር› ይላል። ይሄ ዋጋ በውስጥ መስመር የሚሉት ነገር ያናድደኛል። መርካቶ ውስጥ ነጋዴው ዋጋውን ሰማይ እስኪሰነጠቅ ጮሆ ነው የሚነግርህ፤ አልፈኸው ከሄድክም እየቀነሰ ይከተልሃል። የሱሪ ዋጋ በጆሮ የሚነገር ምስጢር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ቢሆንም ጻፍኩ።

«ሰላም፣ ዋጋው ስንት ነው?»

«ሰላም ውዴ፣ ሳይዝ ስንት ነሽ?»

ወንድ መሆኔን፣ ውድም እንዳልሆንኩ አስረዳሁ። 6,500 ብር አሉኝ፤ ማድረሻው ነፃ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ገንዘብን ለመሰናበት ከወንበር መነሣት እንኳ ቀርቷል። አውራ ጣቴን አሳርፌ ከፈልኩ።

ሞተረኛው ፌስታሉን ይዞ በር ላይ ቆመ። ከፍቼ ሳየው ልብሱ መጥቷል፣ የፍሎረንስ ፀሐይ ግን አብራ አልመጣችም። ስልኩ ላይ እንደ ወርቅ ያበራ የነበረው ቀለም እኛ ቤት በር ላይ ሲደርስ የቀዘቀዘ ሻይ በወተት ሆኗል። እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው። ሱሪው በተቃራኒው ጭኔ ላይ ደርሶ ቆመ። ሊነን የሚሠራው ከተልባ አገዳ ነው፤ እኛ ፍሬውን ቆልተን፣ ወቅጠን፣ በጥብጠን የምንጠጣት ተልባ። ይሄኛው ግን ከተልባ ጋር በሥጋም በጋብቻም አይዛመድም። ሳሸው የእጄን ፀጉር አቆመው።

«ያምራል ፋዘር» አለ ሞተረኛው። ቁልቁል እግሬን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረበት። «ግን በዚህ ላይ ካልሲ አይደረግም።»

እሱም ያውቃል! ሌሊት ብቻዬን ያገኘሁት የመሰለኝን ምስጢር ሞተረኛው ያውቃል። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጄ ደግሞ ከሳሎን ወጥቶ ከላይ እስከ ታች ገረመመኝና፣ «አባዬ፣ ኦልድ መኒ ልትሆን ነው?» አለኝ። ኦልድ መኒ ማለት ከአያት ከቅድመ አያት ሀብታም የሆነ ሰው አለባበስ መሆኑን አስረዳኝ፤ ስልክ ላይ ትልቅ ፋሽን ነው። ቀጥሎም፣ «መኒው የታለ?» ብሎ ወደ ሳሎን ተመለሰ። እሱ ራሱ ሁለት ሰው የሚይዝ ጂንስ ነው የሚጎትተው። ለምን ስለው «ከሰው ለመለየት» ይለኛል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ስጠብቀው በሱሪ ለይቼው አላውቅም።

ልብሱን ይዤ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። እዚያ የማውቀው ሰፊ አለ። ዋና ሥራው የሀበሻ ቀሚስ ነው፤ ወዳጁን ግን በኮትም አያሳፍርም። ጊዜው የሠርግ ነውና ሱቁ ከአፍ እስከ ገደፉ በሙሽሮችና በሙሽራ እናቶች ተሞልቷል፤ ሁሉም ስልካቸውን ዘርግተዋል። ወገቡ ላይ የተጣበቀ፣ ትከሻው የተገለጠ፣ ከኋላው የሚጎተት ቀሚስ። ተራዬን እየጠበቅኩ ስልኮቹን በጎን አየሁ። ያው አንዱ ቀሚስ ነው፤ ያችው አንዷ ሞዴል ናት።

ሰዉ ሲሳሳ ሰፊው የሻይ ብርጭቆውን አነሣ። «ጋሼ፣ ሁሉም ይቺኑ ፎቶ ነው የሚያሳዩኝ። አሳይተው ሲያበቁ ምን እንደሚሉኝ ያውቃሉ? ‹አደራ፣ ለሌላ ሰው እንዳትሠራው።›»

«አንተስ ምን ትላቸዋለህ?»

«‹በፍጹም› እላለሁ። ከዚያ ቀብድ እቀበላለሁ።»

ጌኦርግ ዚመል የተባለው ጀርመናዊ አሳቢ እ.ኤ.አ. በ1904 ስለ ፋሽን ባሳተመው ጽሑፉ፣ ፋሽን የሚኖረው ሁለት የማይታረቁ ፍላጎቶችን በአንድ ጊዜ ስለሚያጠግብ ነው ይላል፤ ከሰው መመሳሰልንና ከሰው መለየትን። የእኛ ሰፊ ዚመልን አላነበበውም። ዚመልም ቀብድ አልተቀበለም።

ከሱቁ ጀርባ አንድ ሸማኔ አለ፤ አገሩ ከዶርዜ ነው። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ግራ ቀኝ ይልካል። ከእሱ ጋር ብዙ ተጨዋወትን፤ ልብሴን ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል። ድሮ ደንበኛ የሚመርጠው እሱ ከሠራቸው ናሙናዎች ነበር፤ ናሙናዎቹ ደግሞ ከአባቱ የመጡ ነበሩ። አሁን ደንበኛ ፎቶ ይልክለታል። ድሩን ዘርግቶ፣ ጥለቱን ጀምሮ፣ ገና ስንዝር ሳይሞላ ሌላ ፎቶ ይመጣል። «ያንን ተወው፣ ይሄን አድርግልኝ» የሚል መልእክት አብሮ አለው። ይሄን ሲነግረኝ አልተማረረም። ፈትል የሚሟሽበት፣ ድር የሚደራበት፣ ጥለት የሚቆጠርበት ጊዜ ስላለው፣ ስልክ በአንድ ሌሊት የሚቀይረውን እሱ በሳምንታትም አይደርስበትም። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ሌላው ይሄዳል። ሽፎን ላይ የታተመ ጥለት ከቻይና በጣቃ ይገባል፤ ዋጋው ከእሱ ሥራ ጋር አይነጻጸርም።

«ሰው አያውቅም? አይለይም?» አልኩት።

«ከቅርብ ያየ ይለያል። ከሩቅ ሲያዩት ግን ጥለት ነው። ስልክ ላይ ደግሞ ሁሉም ሩቅ ነው» አለኝና መወርወሪያውን ላከ።

ሰፊው እጅጌዬን አሳጠረ፣ ሱሪዬን ጎንና ጎኑን ፈትቶ አሰፋልኝ። ከዚያ ኮቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ በሩቁ አየው። «ጋሼ፣ ኮሌታው ላይ ጥለት ባሳርፍበትስ? ከአንድ ትልቅ ሥራ የተረፈች ቁራጭ አለችኝ። አረንጓዴና ወርቃማ ናት፤ የእጅ ሥራ ናት፤ ከዚህ ጀርባ የወጣች።» አምጥቶ ኮሌታው ላይ አስተኛት። ያ የደበዘዘ ቀለም ነፍስ ዘራ። ጣሊያኑ ሽማግሌ ይሄ የለውም፤ ስልኬም ውስጥ የለም። የራሴ ስታይል ማለት ይሄ ነው ብዬ ልቤ ሞላ።

«አደራ» አልኩት፣ «ለሌላ ሰው እንዳትሠራው።»

«በፍጹም» አለና ቀብድ ተቀበለኝ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ባለቤቴ ቀድማ ወደ ሙሽራዋ ቤት ሄደች። እኔ መስታወት ፊት ቆየሁና ዘግይቼ ወጣሁ። የጥር ጠዋት ብርድ ባዶ ቁርጭምጭሚት ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ቲክቶክ ላይ አልተነገረኝም ነበር። እያነከስኩ ሰፈሩ ስደርስ የወንዱ ወገን አጀብም ጥሩንባውን እየነፋ ደረሰ። መኪኖቹ ተከፈቱ። ሚዜዎቹ ወረዱ።

አራት ናቸው። ክሬም ሙሉ ልብስ፣ ኮሌታው ላይ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት፣ ቁርጭምጭሚት የሚያሳይ ሱሪ። ካልሲ የለም።

የሰፊው ትልቅ ሥራ እነሱ ነበሩ። ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም፤ ቪዲዮ አንሺው በክንዴ ጎትቶ ከመሀላቸው ከተተኝ። «ሚዜዎች አንድ ላይ! ጠጋ ጠጋ!»

«የኔ ወንድም፣ እኔ ሚዜ አይደለሁም። የሙሽራዋ አክስት ባል ነኝ።»

«አባት፣ የድሮኑ ባትሪ እያለቀ ነው፤ በኋላ እናወራለን።»

አንደኛው ሚዜ የሽቶ ጠርሙስ አስያዘኝ። ከኋላ ተገፋሁ፤ በጭፈራ ወደ በሩ ሄድን። በሩ ላይ እንደ ወጉ የሴቷ ወገን ሰንሰለት ሠርቶ፣ እየዘፈነ፣ ሰርገኛ አላሳልፍም ብሎ ቆሟል። የሴቷ ወገን ማለት የእኔ ወገን ነው። የባለቤቴ ዘመዶች፣ የዘመዶቿ ልጆች፣ ትናንት ማታ አብሬያቸው ቡና የጠጣሁ ሰዎች። እኔ ከውጭ ነኝ። «እኔ እኮ ነኝ» አልኩ። ድምፄ በከበሮው ተዋጠ። አንዷ ልጅ ደረቴን በሁለት እጇ ገፍታ መለሰችኝና ሽቶውን እንድረጭ በአገጯ አመለከተችኝ። ረጨሁ። ከሰንሰለቱ ጀርባ ባለቤቴን አየኋት፤ መጀመሪያ አላወቀችኝም፤ ካወቀችኝ በኋላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያድነኛል ስል ወደ ፊት መጥታ ሰንሰለቱን ተቀላቀለች። ከሁሉም አስበልጣ የዘፈነችው እሷ ናት።

አዳራሽ ከገባን በኋላ ለመደበቅ ጥግ ያዝኩ። የባለቤቴ ትልቅ አክስት ግን ዓይናቸው እንደ ጥንቱ ነው፤ እግሬ ላይ ተክለው ቆዩ። ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ «ልጄ፣ ቤት ደህና አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ደህና መሆኑን ምዬ ተገዝቼ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ሊሰናበቱ ሲነሡ ኪሴ ውስጥ የሆነ ነገር ሻጥ አደረጉልኝ። ባለ 200 ብር ኖት ነበር። ይሄን እስከ ዛሬ ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ብሩን ግን ካልሲ አልገዛሁበትም።

የበሩን ጭፈራ ከሙሽራዋ ጓደኞች አንዷ ቲክቶክ ላይ ለጥፋው ኖሯል። «አምስተኛው ሚዜ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። አስተያየቱን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። «ከሁሉም ፋዘር በልጧቸዋል» ይላል አንዱ። «ካልሲ አዋጡለት» ይላል ሌላው። «ስታይል ማለት ይሄ ነው፣ ከሕዝብ የተለየ» ያለም አለ፤ ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት የለበሱ አራት ወንዶች እዚያው ቪዲዮ ላይ እየታዩት። ልጄ ስልኩን አምጥቶ ጓደኞቹ ልብሱን የት እንደገዛሁት እየጠየቁት መሆኑን ነገረኝ። ዓይኑ ውስጥ ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀው አክብሮት ነበር፤ ውሎ ግን አላደረም።

ብዙም ሳይቆይ ልብሱን የገዛሁበት የቴሌግራም ሱቅ አዲስ ማስታወቂያ ለጠፈ። ፎቶውን ሳየው እጄ ላይ ያለው የሽቶ ጠርሙስ ነው መጀመሪያ የታወቀኝ። ከዚያ ቁርጭምጭሚቴን ለየሁት። ፊቴ የለም፤ አንገቴ ላይ ቆርጠውታል። ከሥሩ ‹በሠርግ ላይ የደመቀው ደንበኛችን! ሊነን ከነጥለቱ፣ ውስን ፍሬ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር› ይላል። ደሜ ፈላና ጻፍኩላቸው።

«ይሄ ፎቶ የእኔ ነው።»

«ሰላም ውዴ፣ ሳይዝ ስንት ነሽ?»

«ፎቶው ላይ ያለው ሰው እኔ ነኝ እያልኳችሁ ነው! ጥለቱንም ያስደረግኩት በገዛ ገንዘቤ ነው።»

«አዎ ውዴ፣ ከነጥለቱ ነው። 9,800። ሁለት ፍሬ ነው የቀረው።»

ስልኩን ልወረውረው ስል ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ ስታነብ ቆይታ ኖሮ እጄን ያዘችኝ። የወንድሟ ልጅ በቅርቡ ይመረቃል፤ ስጦታ ሳትገዛ ጨንቋት ነበር።

«ቀንሱ በላቸው እስቲ» አለችኝ። «የሞዴሉ ቤተሰብ ነን በላቸው።»